መፍቻውና የመዳብ ቱቦው

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? ዕድሜ ልኩን የሰው ቧንቧ ሲከፍት የኖረው ቧንቧ ሠራተኛ፣ የገዛ ቱቦውን ሳያይ ወንድሙን አስቀየመ።

ሰፈርተኛው መፍቻው ይለዋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከታናሽ ወንድሙ ከልብስ ሰፊው ጋር ጓሮው ውስጥ ቢራ ይጠምቃል። እሱ ብቅሉን ያፈላል፣ ታናሽየው ጠርሙስ ያጥባል። የፈላው ብቅል እርሾ ከመግባቱ በፊት ቶሎ መቀዝቀዝ አለበትና መፍቻው ማቀዝቀዣ ሠራ። ቀጭን የመዳብ ቱቦ በወፍራም የውሃ ጎማ ውስጥ አሳልፎ ጠቀለለው። በመዳቡ ትኩሱ ብቅል፣ በጎማው ቀዝቃዛ ውሃ ይሄዳል። ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ግን አይታይም።

ልብስ ሰፊው መራራውን የሆፕ አበባ የሚይዝ ስስ ከረጢት ሰፍቶ አመጣ፤ አተላው ቱቦው ውስጥ እንዳይገባ ብሎ። መፍቻው ሳቀበት። ሆፕ ታስሮ መዓዛ አይሰጥም አለ፤ ደግሞ ስለ ቱቦ መርፌ ሊያስተምረኝ ነው ወይ ብሎ አፌዘ። ሆፑን እንደ ልቡ በትኖ ያፈላና ሲጨርስ ቱቦው ውስጥ ውሃ ብቻ ለቅቆ ይሰቅለዋል። ለደንበኞቹ ግን «ውሃ አለፈ ማለት ቧንቧው ጸዳ ማለት አይደለም፣ ፍርፋሪ አትልቀቁበት» ሲል ነበር የኖረው።

ቢራው ኮመጠጠ። ቀጥሎ የጠመቁትም ኮመጠጠ። መፍቻው ቱቦውን መጠርጠር ጨርሶ አልመጣለትም፤ የገዛ እጁ ሥራ ነዋ! ከታጠቡት ጠርሙሶች አንዱን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየና ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ዓይንህ ደክሟል። ቆሻሻ አይታይህም፣ ተወው ከእንግዲህ» አለው።

ልብስ ሰፊው እጁን አደራርቆ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። መፍቻው ኩርፊያ ነው፣ ሲበርድለት ይመጣል አለ።

ብቻውን ጠመቀ። ጠርሙሱን ራሱ ደጋግሞ አጠበ። ቢራው ኮመጠጠ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ብቅሉ ቱቦው ውስጥ ቆሞ ጠብታ እንኳ አልወጣ አለ። በመጋዝ ቆረጠው። ውስጡ የበሰበሰ ሆፕና አተላ ተጋግሮበታል፤ ሽታው ያው የቢራው ሽታ ነው። የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ወንድሙ አንገቱን ደፍቶ መውጣቱ ትዝ አለው።

ቁራጩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወንድሙ ቤት ሄደ። ይጮህብኛል፣ ይጩህ፣ ችዬ እሰማዋለሁ እያለ ነበር የሄደው። ወንድሙ ግን እንደ ወትሮው ወንበር አቀረበለት። ቁራጩን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አዞረና ውስጡን አየ።

«ጠርሙሶቹ ንጹሕ ነበሩ» አለ መፍቻው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

ወንድሙ ምንም አይደለም አለው። መፍቻው እፎይ ብሎ ቀና ሲል የስፌት መኪናው የነበረበት ጥግ ባዶ ነው። መኪናህስ ብሎ ጠየቀ።

«ሸጥኩት፣ ጋሼ» አለ ልብስ ሰፊው። «ዓይንህ ደክሟል ስትለኝ፣ የሰው ልብስ ከማበላሽ ብዬ። አንተ መቼም ዋሽተኸኝ አታውቅም።»