የማትጠማ መኪና

አቶ ዋቅቶላ ጉልበታቸውን መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው ያልደረሱበት አውራጃ አልነበረም፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን መንገዳቸው አንድ ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ካራ ካለው ቤታቸው ይነሡና በኮተቤ አድርገው፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት ይወጣሉ። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ጥቂት ተቀምጠው ይመለሳሉ። ቤት የሚጠብቃቸው ሰው ስለሌለ አይቸኩሉም።

ያን ዳገት ዱሮ ከባለቤታቸው ከየሺሃረግ ጋር ነበር የሚወጡት። ጫካው ውስጥ ገብተው ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ። ያኔ የነበረቻቸው አሮጌ ፊያት ግማሽ መንገድ ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ ስትደርስ መፍላቷ አይቀርም። አቶ ዋቅቶላ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃሉ፤ የሺሃረግ ደግሞ ቢጫዋን ጀሪካን ይዛ ትወርዳለች። እሳቸው ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጃቸውን ሲሰዱ፣

«ቆይ እንጂ! ትንፋሿን ትጨርስ። አንተ ደግሞ ችኮላህ!» ትላቸዋለች።

እንፋሎቱ ሲበርድ ክዳኑን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ትከፍታለች፤ ውሃውንም ሕፃን እንደምታጠጣ ሁሉ ቀስ አድርጋ ታፈሳለች። «ጠምቷት እኮ ነው፣ ምስኪን።»

የሺሃረግ ስታርፍ ፊያቷም ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ጉርድ ሾላ ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው ሩሃማ አባቷ መኮራመታቸውን ብታይ፣ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታ አመጣችላቸው።

«አባዬ፣ ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ። ምንም አታስቸግርህም።»

እውነትም አላስቸገረችም። ድምፅ እንኳ የላትም። አቶ ዋቅቶላ ከመኪና ጋር ማውራት የለመዱ ሰው ነበሩና፣ መልስ የማትሰጥ መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ዝምታው ከቤታቸው ተከትሏቸው የመጣ መሰላቸው።

አንድ ቅዳሜ መታጠፊያው ላይ እንደ ልማዳቸው ቆሙና ኮፈኑን ከፈቱ። ከጎን በኩል ባለችው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከመስመሩ ዝቅ ብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«ለካ አንቺም ይጠማሻል!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢጫዋ ጀሪካን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በየቅዳሜው፣ በዚያችው መታጠፊያ፣ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ይሞላሉ።

እንዲህ ሲሉ ከርመው በዚህ በጋ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ድንገት ደከመች። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ የፍጥነት ፔዳሉን ቢረግጡት የምትሄደው እንደ ኤሊ ሆነ። ቅጠል ሊለቅሙ የሚወጡ ሴቶች በእግራቸው ቀደሟቸው።

«አባባ፣ እንግፋልዎት ወይስ እንሸከምዎት?» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ሩሃማ ግን ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችም። «ሌላ ቀን ዳገት ላይ ከቆመችብህ ቁልፉን እወስዳለሁ፣ አባዬ። እዚያ ብቻህን አንድ ነገር ብትሆን ማን ያይሃል?»

ሰኞ ጧት አቶ ዋቅቶላ ላምበረት አጠገብ ወዳለው የሙክታር ጋራዥ ወረዱ። ሙክታር ወጣት መካኒክ ነው፤ እጁም አፉም አያርፉም። ኮፈኑን ከፍቶ ጠርሙሷን በባትሪ መብራት አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈሳሽ ሮዝ መሆን ነበረበት። ይሄማ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ነው። ማነው የጨመረው?»

«እኔ እንጃ» አሉ አቶ ዋቅቶላ፣ ወደ መንገዱ እያዩ።

ሙክታር ወደ ውስጥ አጮለቀ። ቢጫዋ ጀሪካን ከሾፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ የደህንነት ቀበቶ ታስሮላት ተቀምጣለች።

«እሷን አሳፍረው ነዋ የመጡት! መልካም መንገደኛ ናት፣ «ወራጅ አለ» አትል፣ ወሬ አታበዛ።»

ሙክታር ወደ ሥራው ዞረ። በጠርሙሷ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ አየር ሞላ፤ የመለኪያው ቀስት ሳይቆይ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። መኪናዋን አንሥቶ ከሥሯ ገባና ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሞተሯን ፈሳሹን ከሚያዞረው ፓምፕ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ጫፉ ተሰንጥቋል፤ ዙሪያውን ደርቆ የተጋገረ ሮዝ ነገር እንደ ጨው ይዞታል።

«የቆየ ቁስል ነው» አለ ከሥር ሆኖ። «ይሄ ፈሳሽ ባትሪውንም ነው የሚያቀዘቅዘው። ባትሪው ሲግልባት ራሷን ለማዳን ጉልበቷን ትቀንሳለች። ባይሞሉላት ኖሮ ያኔውኑ ትናገር ነበር፤ እርስዎ እየሞሉ አፏን ዘጉት።»

«ባለቤቴ ነበረች እንዲህ የምታደርገው» አሉ አቶ ዋቅቶላ።

ሙክታር ከሥር ብቅ አለ። ጀሪካኗን አየ፤ ከዚያ እሳቸውን።

«ነፍስ ይማር፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ቱቦውንና ማጥበቂያውን ለወጠ፤ የቧንቧውን ውሃ አፍስሶ ውስጧን በተጣራ ውሃ አጠበ፤ ሮዙን ፈሳሽ ሞልቶ አረፋው እስኪጠፋ ፓምፑን አሠራ። አየሩን እንደገና ሲሞላ ቀስቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«በቃ። ከእንግዲህ ክዳኑን አይንኩት። አይጠማትም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ፣ ጋሼ።»

አቶ ዋቅቶላ ማመስገን እንዳለባቸው ያወቁት ትንሽ ቆይተው ነው።

ቅዳሜ መኪናዋ ዳገቱን ያለ ድካም ወጣችው። መታጠፊያው ላይ ቆሙ፤ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ወሸቁ፤ ኮፈኑንም ከፈቱ። ሮዙ ፈሳሽ መስመሩ ላይ ነው። የሚፈላ ነገር የለም፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ብቻ ይንሿሿል። ቢሆንም ፊያቷ ትንፋሿን እስክትጨርስ ይጠብቁ የነበረውን ያህል ቆሙ። ስልካቸው ጠራ።

«አባዬ፣ ወጣች?»

«ወጣች።»

«አልቆመችብህም አይደል?»

«እኔ ነኝ የቆምኩት።»

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም፣ ልጄ። አሁን እሄዳለሁ።»

ካራ ሲደርሱ የጀሪካኗን ቀበቶ ፈቱ። ከጫካ ሲመለሱ ባዶዋን በአንድ ጣት አንጠልጥለው መግባት ነበር ልማዳቸው። ዛሬ ግን ሙሉ ናት፤ ከበደቻቸው። መሃል ግቢ ላይ፣ ከቆመችው ፊያት አጠገብ መሬት አሳረፏትና እጃቸውን ቀይረው እንደገና አነሧት።