የእታለም ቅርጫትና አዲሱ ሲስተም

የኔ እጅ የለመደው ካውያ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ቢሆንም የእታለምን ነገር ሌላ ሰው አጋንኖ ከሚያወራው እኔው እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ነው። ብሳሳት እሷ ታርመኛለች። አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ ኪስ ትሰፋለች።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። የምንሠራው በመኖሪያ ቤቷ የፊት ክፍል ነው። የስፌት ማሽኗ በመስኮቱ በኩል፣ የጥልፍ ማሽኑ ጥጉ ላይ፣ የኔ መተኮሻ ጠረጴዛ ደግሞ ከበሩ ኋላ ነው። ሰው ሲገባ በሩ ስለሚከልለኝ ቦታዬን እወደዋለሁ። በሁለቱ ማሽኖች መሀል ኮምፒውተሩ አለ። አቧራ እንዳይገባበት እታለም ከመጋረጃ ትራፊ ልብስ ሰፍታለታለች፤ ቁልፍም አለው።

ሠፈርተኛው «አትጣሉት» ይላታል። ከሷ ቤት የሚወጣ ቆሻሻ የለም። ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ትልቅ ቅርጫት አለ፤ ብጣሽ ጨርቅ፣ የሙከራ ጥልፍ፣ ጥርሱ የረገፈ ዚፕ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ሱሪው የተቀደደበት ሰው ሲመጣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ እጇን ሰደድ አድርጋ ከሱሪው ጋር የሚሄደውን ጨርቅ ታወጣለታለች። «ሀብት ሣጥን ውስጥ ያለው አይደለም፣ ቅርጫት ውስጥ ያለው ነው» ትላለች። ቅርጫቱ ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ ትራስ ትሞላበታለች።

ባሏ የታክሲ ሹፌር ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። መኪናው ወንበር ላይ የሚቀመጥባት ትራስም የእታለም ሥራ ናት፤ ስትጎድልም ብጣሽ ትጨምርባታለች። ወገቡን ካመመው ወዲህ ያለእሷ አይነዳም። ለምሳ ሲገባ ብብቱ ሥር ሸጉጧት ይገባል፣ ሲወጣም ሸጉጧት ይወጣል።

ኮምፒውተሩን ያመጣችው ልጃቸው ናት፤ ስልክ ጥገና ቤት ነው የምትሠራው። የጥልፍ ማሽኑ የሚጠልፈውን ሥዕል በፍላሽ ከኮምፒውተር ነው የሚቀበለው። እንዴት እንደሚከፈት፣ ሥዕሉ እንዴት እንደሚጎተት ለእናቷ አሳየቻትና ወደ ሥራዋ ሄደች። የቀረውን እታለም በራሷ ለመደችው። ጥልፉ እስከወጣ ድረስ እንዴት እንደምትሠራው ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን ነው። የሠፈሩን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋው እታለም ናት፤ ቤቱ ዓመቱን የሚያድረው በዚያ ሥራ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ አዲስ ዓርማ አወጣ፦ መጽሐፍ ላይ የቆመች እርግብ። ሙከራው ተጠልፎ ሲታይ ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው «ይቺ ወፍ ዶሮ መሰለችኝ» አሉ፤ ቀጥለው «ግን ጊዜ የለም፣ ይሁን» አሉ። ሰኞ መጥተው ሊወስዱ ተስማሙ። ሸሚዙ ሁሉ ተሰፍቷል፣ እኔም ተኩሼ ደርድሬዋለሁ፤ የቀረው ዓርማው የሚጠለፍበት ኪስ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ መጣች። ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ድረስ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

«እማዬ፣ ይሄ ሲስተም አርጅቷል። አዲሱ የጥልፍ ፕሮግራም እዚህ ላይ እሺ አይልም። ፎርማት አድርጌ አዲስ ሲስተም ልጫንበት።»

«ሞተር ሊወርድ ነው በይኛ» አለ ጋሼ፣ ትራሱን እንደያዘ።

«እንደዚያ በለው አባዬ።»

«ሞተር ሲወርድ ብሎን መጥፋቱ አይቀርም። እኔ ተናግሬያለሁ።»

ልጅቷ ፎቶውንም ዘፈኑንም ወደ ስልኳ ገለበጠች። «ሌላ የሚቀመጥ ነገር አለ እማዬ?» ብላ ጠየቀች።

እታለም የአንዲት ደንበኛ ወገብ እየለካች ነበር። «እኔ ምኑን አውቄው። ያለው ሁሉ እዚያው ነው። ብቻ ምንም እንዳትጥዪ።»

«አንቺ ቤት ደግሞ ምን ይጣላል» አለች ልጅቷ። የእናቷን ፍላሽ አጸዳችና አዲሱን ሲስተም አደረገችበት፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ጫነችው። እኛ ሥራችንን ቀጠልን። በኋላ ቀና ስንል ኮምፒውተሩ የሐይቅ ሥዕል አውጥቶ ክፍሉን አብርቶታል።

«እንግዲህ አዲስ ሞተር ነው» አለ ጋሼ። «መጀመሪያ ቀስ እያላችሁ ንዱት።»

እታለም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች። ከሐይቁ ሥዕል ላይ ያቺን የኮምፒውተሩን ቅርጫት ፈለገችና አገኘች፤ ከፈተችው።

«ባዶ ነው» አለች።

«አዲስ ነዋ እማዬ።»

«እርግቧስ?»

«የቷ እርግብ?»

«ጥልፎቼ። ሁሉንም ቅርጫት ውስጥ ነበር የማስቀምጣቸው። ሲያስፈልገኝ ጎትቼ አወጣለሁ፣ ስጨርስ እመልሳለሁ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ባዶውን ቅርጫት አየች። እኔም ካውያውን አነሳሁት፤ ሸሚዝ ላይ ረስቼው ነበር።

«እማዬ፣ እሱ እኮ የቆሻሻ ቅርጫት ነው። የሚጣል ነገር ነው የሚገባበት።»

«የሚጣል ነገር ቅርጫት ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች እታለም። የተቆጣች አይመስልም፣ ግራ የገባት ነው የምትመስለው። እውነቴን ነው፣ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የማስቀምጠው።

ዓርማው በኮምፒውተሩ የለም፣ ፍላሹም ተጠርጓል። ዓርማውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያስገባላት ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል፤ ዳይሬክተሯ ዓርማውን የሰጡበት ወረቀትም አብሮት ሄዷል። ጠፋብን ብንል ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒፎርሙን ሌላ ሰፊ ሰፋው ማለት ነው።

እታለም ከወንበሯ ተነሳች። ድንገት ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን እውነተኛውን ቅርጫት ትበረብር ጀመር። እስከ ታች ደረሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ሙከራውን ትራስ ሞልቼበታለሁ።»

«የትኛውን ትራስ?» አለች ልጅቷ።

የእታለም ዓይን ወደ ጋሼ ብብት ሄደ። ጋሼ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«እንዳታስቢው። ይቺን ትራስ ፈታሻት ማለት ወገቤን ፈታሽው ማለት ነው።»

«መልሼ እሰፋልሃለሁ።»

«እሷ የኔን ቅርጽ ለምዳለች።»

«ከኔ በላይ ያንተን ቅርጽ የለመደ አለ? አምጣ ወዲህ።»

ሰጣት። ምን ያድርግ። እታለም ስፌቱን ተረተረችውና ሆዱን መሬት ላይ ደፋችው። አራታችንም ተንበረከክን። ጋሼ አንድ ግራጫ ጨርቅ አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው።

«ይሄ የኔ ሱሪ አይደለም እንዴ? ጠፋ አላልሽኝም?»

«ጠፋ አላልኩም። አታገኘውም ነው ያልኩህ። ፈልግ።»

ወፏን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ተጨማድዳ እንደ ደረቅ ቅጠል ሆናለች። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌባት በቀስታ ተኮስኳት፤ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንገቷ ተቃና፣ መጽሐፉም ተዘረጋ።

ልጅቷ ፎቶ አነሳቻትና ያ አዲሱ ፕሮግራም ላይ አስገባቻት። በሥዕሉ ላይ ክሩን መስመር በመስመር መንገድ ማስያዝ ይቻላል አለች። የመጀመሪያው ሲጠለፍ ጨርቁን ሰብስቦ አጨማተረው።

«ክሩን በአግድም ልከሽው ነው» አለች እታለም። «ላባ ከአንገት ወደ ጅራት ነው የሚተኛው።»

«በየት በኩል? ነይ አሳዪኝ።»

እታለም እጇን በልጇ እጅ ላይ አድርጋ ማውሱን ገፋችው። እንዲህ ሆነው ቅዳሜም እሑድም ዋሉ። አንዷ ኮምፒውተሩን ታውቃለች፣ አንዷ ክሩን። ጋሼ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ ሲነዳ ይውልና በገባ ቁጥር ወገቡን ይዞ ያቃስታል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

«ክንፏን እንዘርጋላት» አለች እታለም በመጨረሻ። «ዶሮ ያስመሰላት መታጠፉ ነው።»

«ዳይሬክተሯ ይሁን ያሉት የታጠፈውን ነው እማዬ። እንቢ ቢሉስ?»

እታለም ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ክንፉ ተዘረጋ፤ ኪሱም ሁሉ እንደዚያው ተጠለፈ።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሯ መጡ። እኔ በሩ ኋላ ነኝ። አንዱን ሸሚዝ አነሱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። የእታለም ጣት የሜትሩን ጫፍ ሲጠቀልል አየሁ።

«ይቺ ያቺ ዶሮ ናት?» አሉ።

«ናት» አለች እታለም።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበረች?»

«እኔ ተቀምጬባት» አለ ጋሼ።

ዳይሬክተሯ ነገሩ ባይገባቸውም ሳቁ። ሸሚዙን አጥፈው እያስቀመጡ ሹራቡም ላይ ይቺው ወፍ ትሁን አሉ።

ልጅቷ በኮምፒውተሩ ፊት የቅርጫት ሥዕል ያለው አዲስ ማስቀመጫ ሠርታለች፤ ስሙን «አትጣሉት» ብላዋለች። በሱ ብቻ አላበቃችም፣ ስልኳም ላይ ሌላ ቅጂ ይዛለች። እታለም ቆሻሻውን ቅርጫት እስካሁን አልነካችውም፤ ባዶውን ሲቀመጥ ግን ደስ አይላትም።

የዚያኑ ዕለት ትራሱ ተሰፋ። ጋሼ እስኪያልቅ አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ። እታለም ብጣሹን ሞልታ አፉን ልትዘጋው ስትል እጇን ያዛት።

«ወፏን መልሺያት» አለ። «ሌላ ጊዜ ሞተር ሲወርድ የት እንዳለች እንወቅ።»