መንገዱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲዞር

ሎረል ከተማ አጠገብ ያለውን ቤት የመረጥነው እናቴ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ መሄድ ስለምትችል ነበር። ከግቢያችን ወጥታ፣ በጎረቤታችን አጥር ሥር የምታልፈውን ጠባብ መንገድ ይዛ ትንሽ ቁልቁል፣ ትንሽ ዳገት ከሄደች ደጁን ትሳለማለች። እዚህ አገር መኪና ለማይነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስልቨር ስፕሪንግ ከተማ አፓርትመንት ውስጥ ስንኖር እኔ ከሥራ እስክመለስ መስኮት ሥር ተቀምጣ ነበር የምትውለው። እዚህ ግን ማንንም ሳትጠብቅ ትወጣለች፣ ትገባለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ የአሜሪካኖች ነበር። ሰዎቻቸው እያነሱ ሄደው ሲዘጋ የእኛ ምእመናን ገዙት። ከጀርባው ያሉት የቆዩ መቃብሮች እንዳሉ ቀሩ። የጎረቤታችን ወላጆችና ሚስት የተቀበሩት እዚያ ነው። እሳቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል። አበባ ይዘው ወደ መቃብሩ ሲወርዱ ከእናቴ ጋር መንገድ ላይ እየተገናኙ ተላመዱ። እሷ በአማርኛ ታወራለች፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ምን እንደሚባባሉ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፤ ሲሳሳቁ ግን እሰማ ነበር።

በጓሯችንና በቤተ ክርስቲያኑ መሐል አዲስ መንገድ ሊሠሩ ግሬደሮች የመጡ ሰሞን ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው የመንገዱን ታሪክ ነገሩኝ።

«አያቴ የሚያውቁት መንገድ ከታች ወንዙን ተከትሎ ነበር የሚሄደው» አሉ። «ዝናብ ሲመጣ ይዋጣል። ልጅ ሳለሁ የስቴቱ መንግሥት ወደ ላይ አወጣውና በበራችን ፊት አሳለፈው። አስፋልቱ ያለበት ቦታ የአባቴ የፖም ዛፎች ነበሩ። ሲቆረጡ ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በፊት በር ወጥቶ አያውቅም፤ በጓሮ ነበር የሚመላለሰው።» ወደ ጓሯቸው ዞር አሉ። «አሁን ደግሞ በጓሮ መጡብኝ።»

አዲሱ መንገድ ሲከፈት ወዲህና ወዲያ ሁለት ሁለት መስመር፣ መሐሉ ሣር ሆነ። በፊት በራችን ያለው አሮጌው መንገድ ስሙ ላይ «ኦልድ» ተጨምሮለት ጫፉ ተዘጋ። ያቺ ጠባብ መንገድ በአዲሱ መንገድ ዳር በተተከለ ዝቅተኛ የብረት አጥር ተቆረጠች። ቤተ ክርስቲያኑ ከመስኮታችን ይታያል፤ በመኪና ለመድረስ ግን እስከ ትራፊክ መብራቱ ወርዶ፣ ዞሮ መመለስ ያስፈልጋል። እኔን መንገዱ ጠቅሞኛል፤ ስልቨር ስፕሪንግ ያለው ሥራዬ ቅርብ ሆነልኝ።

እናቴን እሑድ እሑድ አደርሳታለሁ፤ በሥራ ቀን ግን አይመቸኝም።

«በሥራ ቀን ቤት ሆነሽ ጸልዪ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ።

ክርክር የምትወድ እናቴ እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቷን ልብ አላልኩትም።

በፍልሰታ ጾም ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ በአዲሱ መንገድ ስመጣ፣ ኩርባውን እንደጨረስኩ መሐል ሣሩ ላይ ነጭ ነጠላ አየሁ። እናቴ ናት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው አጠገቧ ቆመዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባውን አምባረቀብኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። እነሱ ግን መኪናው ጋብ ሲል ቀስ ብለው ተሻግረው ወደ እኔ መጡ።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከቅዳሴ እየተመለስን ነዋ።»

«በዚህ መንገድ?»

«ሌላ መንገድ ትተውልናል እንዴ?» አለች። ከዚያ ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አትፍሪ ልጄ። የእሱ ዓይን ደክሟል፣ የእኔ ጆሮ። እሱ ሲሰማ እጄን ጠበቅ ያደርጋል፤ እኔ ሳይ እጎትተዋለሁ። እስካሁን እግዚአብሔር ጠብቆናል።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁኝ። መኪና ውስጥ አስገብቼ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። 

ማታ ለልጄ ስነግራት አለቀስኩ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

«ማሚ፣ ማልቀስ አይጠቅምም፤ ስለ መንገዱ ሚቲንግ አለ፣ ዊ ሹድ ጎ፤ እንሂድ» አለችኝ።

ስብሰባው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ሽማግሌውንም ይዘን ሄድን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። ልጄ ተነሥታ የእግረኛ መሻገሪያ እንዲሠራ ጠየቀች። አንድ ጨዋ ወጣት መሐንዲስ፣ መጀመሪያ ጥናት እንደሚያስፈልግ፣ በዚያ ቦታ የሚሻገሩት ሰዎች ደግሞ በጣም ጥቂት እንደሆኑ አስረዳ።

ሽማግሌው ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ሁለት ነን» አሉ። «ጥናቱ እስኪያልቅ ሁለት የምንሆን ይመስልሃል?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ከስብሰባው በኋላ ሥራ ቦታ ፈረቃ ተለዋውጬ በሳምንት አንዳንድ ቀን ሁለቱንም በመኪና ማድረስ ጀመርኩ። በሌላው ቀን ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅኩም፤ እናቴም አልነገረችኝም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እናቴ ጉንፋን ይዟት ተኛች። እኔ ወጥ ቤት ሾርባ እየሠራሁላት ነበር። የአምቡላንስ ድምፅ ስሰማ እሳቱን አጥፍቼ በጓሮ ሮጥኩ። አንዲት ወጣት ሴት የብረት አጥሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፍና ታለቅሳለች። መኪናዋ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ሽማግሌውን ቃሬዛ ላይ አድርገዋቸዋል። አበባው አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፣ መኪኖቹ በላዩ እያለፉ ነው።

ስመለስ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የአምቡላንሱን ድምፅ አልሰማችም። ፊቴን አይታ ግን «ብቻውን ሄደ?» አለችኝ።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሽማግሌው ዓይናቸውን አልገለጡም። እናቴ እጃቸውን ይዛ ጠበቅ፣ ጠበቅ ታደርግ ነበር። ትንሽ ቀን ቆይተው ዐረፉ።

የተቀበሩት ከሚስታቸው ጎን ነው። ከሌላ ስቴት የመጣችው ልጃቸው ጥቁር ለብሳ ጸጥ ብላ ቆማለች። እናቴ ግን በአገራችን ወግ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ልጃቸው ግራ ገብቷት ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ሴትዮዋ ማን ናቸው?»

እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። «እናቴ ናት፤ ከአባትሽ ጋር መንገድ ትሻገር የነበረች ጓደኛቸው» አልኳት። ሄዳ እናቴን አቀፈቻት።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን «ዓይኑ እኔ ነበርኩ እኮ» አለችኝ። ታመሽ ነበር፣ ምን ታደርጊያለሽ ብላትም አልተጽናናችም። እህቴ እዚሁ አሜሪካ እሷ ወደምትኖርበት አሌክሳንድሪያ ልውሰድሽ ብላ ለመነቻት፤ እዚያ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው፣ ሰውም አለ። እናቴ እንቢ አለች። «መቃብሩን ማን ያይለታል?» ነው መልሷ። እሑድ እሑድ ስወስዳት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጀርባ ዞራ ሣሩን ትነቅላለች፤ እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቃታለሁ።

መሻገሪያው አልተሠራም። ኩርባው ላይ የሚራመድ ሰው ሥዕል ያለበት ቢጫ ምልክት ተተክሏል። ሌላ መንገድ ስለሌለኝ በየቀኑ በዚያው እነዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በእኛ አጥር በኩል በሦስት እግር የሚቆመውን መሣሪያቸውን ተክለው ሲለኩ አየን። ወጥቼ አንዱን ጠየቅኩት። መንገዱ ይሰፋ እንደሆነ ለማየት ነው፣ ገና የተወሰነ ነገር የለም አለኝ። ገብቼ ለእናቴ እንደዚያው ነገርኳት። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ቀጥላም የፊት ለፊቱ በር ላይ ያሉትን ጫማዎቿን አንሥታ ወደ ክፍሏ ወሰደቻቸው። የፖም ዛፎቹ ከተቆረጡ ወዲያ በፊት በር ወጥተው የማያውቁት የሽማግሌው አባት ትዝ አሉኝ።