ሻሽ ፈታሽ

ልጆቼ «እማዬ፣ መልአክ ቢመጣ እንኳ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። እንግዳ ቤቴ ሲገባ ከፊቱ በፊት ልብሱን ነው የማየው። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ የየትኛው ሰፈር ነው? ኮቱ ላይ የተጣበቀው ፀጉር የማን ነው? ይህን ሳልጨርስ «እንደምን ዋልክ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ከማን እንደተማርኩት ግን ነግሬያቸው አላውቅም። በአሥር ዓመቴ ሥራ ነበረኝ። ሥራዬ የእናቴን ሻሽ መፈተሽ ሲሆን፣ የቀጠረኝ አባቴ ነው።

የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ ሲሰፋ ይውላል። ክር አይቶ ከየትኛው ጣቃ እንደተመዘዘ የሚናገር ሰው ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርለታል። በደርግ ጊዜ ግን ጨርቅ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝ ነገር ሆነና ሥራው ቀዘቀዘ። በዚያው ሰሞን እናቴ ኮምቦልቻ አንድ ክር መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረች። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ሴቶቻችን ከወንድ እኩል ተሰለፉ» ተብሎ ስሟ ሲጠራ ተጨበጨበላት። አባቴም አጨበጨበ። ያኔ ማን እንዳላጨበጨበ የሚያይ ዓይን ስለነበር፣ ከልቡ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ጎህ ሳይቀድ ከደሴ ብርድ ተነስታ፣ በፋብሪካው ሰርቪስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርዳ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ትገባለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰርቪሱ መልሶ ደሴ ፒያሳ ያወርዳታል። ከዚያ ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሁለተኛውን ፈረቃ ትጀምራለች። ውሃ ከቦኖ ትቀዳለች፣ ታቦካለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ የእኔን የትምህርት ቤት ልብስ ታጥባለች። አባቴ ሥራ ፈቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንኳ ባልዲ ሲያነሳ አላየሁትም። እኔንም ያኔ አልገረመኝም፤ የሰፈሩ አባት ሁሉ እንዲያው ነበር።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። አባቴ ሥራ ሲያጣ የቀደደው ትዳሩን ነው፤ ልብስ ሰፊ ሆኖ መልሶ መስፋቱን ግን አልቻለበትም። አንድ ቀን ጠራኝና ከረሜላ ሰጠኝ። እኛ ቤት ከረሜላ በዒድ ካልሆነ አይታይም ነበርና፣ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

«እናትሽ ስትመጣ ሻሿን እያየሽ ንገሪኝ» አለኝ። «ጥጥ ውስጥ የዋለ ሰው ጥጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ጥጥ ካለ ፋብሪካ ውላለች። ኸሌለ ሌላ ቦታ ውላለች።»

«ሌላ ቦታ የት?»

«እሱን እኔ አውቃለሁ። አንቺ ብቻ እዪ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ማንን እንደሚጠረጥር ስም ጠርቶ አያውቅም። ስም ቢኖረው ይሻል ነበር። ስም ያለው ሰው አንድ ቦታ ነው የሚገኘው። ስም የሌለው ግን ሰርቪሱ ውስጥም፣ ፋብሪካው በር ላይም፣ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይም አለ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይህን ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ይውላል።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ፒያሳ እጠብቃት ጀመር። ሰርቪሱ ቆሞ ሴቶቹ ሲወርዱ ሁሉም ነጭ ብናኝ ለብሰዋል፤ ቅንድባቸው ሳይቀር የሸበተ ይመስላል። እናቴ ታየኝና «የኔ ሸጋ፣ ዛሬም መጣሽ?» ብላ ጎንበስ ትላለች፤ እኔ ያን ያህል አጭር ሳልሆን በጣም ጎንበስ ትላለች። አንገቷን አቅፌ እየሳምኳት ሻሿን አያለሁ። ብናኙ አለ። ቤት ስንደርስ አባቴ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም በዓይኔ «አለ» እለዋለሁ። እሱም መኪናውን መርገጥ ይቀጥላል። ጎረቤቶች «ማሻአላህ፣ እናቷን እንዴት ብትወድ ነው!» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ በሥራዬ እኮራ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዘመኑም ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነበር። እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት አልጋ ሥር ሰረቅ አድርጋ ታያለች። ሰዎች ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ቦታ አለ፤ እኛ ልጆች የት የት እንደሆነ እናውቀዋለን። ትልልቆቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ስላደግን፣ አባት ልጁን እናቷን እንድታይለት ማዘዙ ነውር መሆኑን የሚነግረኝ አልነበረም። ማንን እጠይቃለሁ? የምጠይቀውንስ ሰው በምን አምነዋለሁ?

አንድ ቀን እናቴ ንጹሕ ሻሽ አስራ ከሰርቪሱ ወረደች። ቅንድቧ ጥቁር ነበር። ፊቷ በርቷል።

«አለቃዬ ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወረኝ» አለችኝ መንገድ ላይ። «ሳሌን ሰምቶ አዘነልኝ። መስኮት አለው፤ ክሩ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣ፤ የሚቦን ነገር የለም። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደረቴ ቀለለኝ።»

ደስ አለኝ። ሌሊት ስትስል እሰማት ነበርና ከልቤ ደስ አለኝ። ቤት ስንደርስ ግን አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የተማርኩት መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ አለ ወይም የለም። ስለ ማሸጊያ ክፍል በዓይን አይነገርም። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

ክር እንድገዛ ላከኝ። መሳቢያው ክር ሙሉ እንደሆነ አውቅ ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ ሬዲዮናችን ጮኸ፤ የሠልፍ መዝሙር ነበር። ስመለስ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ግራ ጉንጯ አብጧል። አባቴ በረንዳው ላይ ወደ እሷ ሳይዞር ይናገራል።

«ኸዚያ ሁሉ ሴት መሀል ለምን ላንቺ አዘነልሽ?»

«ሳል ስላለብኝ ነው አልኩህ። ወረቀት አስጽፌ ላምጣልህ።»

«ወረቀት ማንም ይጽፋል። ጥጥ ግን አይዋሽም።»

በማግስቱ ቦኖው ላይ አንዷ ጎረቤት የእናቴን ጉንጭ አይታ «ሴትና አህያ በዱላ» አለችና ሌሎቹ ሳቁ። እናቴም አብራ ፈገግ ብላ «የጓዳው በር መትቶኝ ነው» አለች። ጓዳችን ያለው መጋረጃ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የሴቶች ማኅበር ነበረ፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ነው የተቋቋመው ይባል ነበር። ነገር ግን የማኅበሯን ሊቀመንበር ካኪ ልብስ የሚሰፋላት አባቴ ነው። ስትለካም ስትስቅም እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማታለች። ለማን ትናገራለች?

እኔ ያመጣሁትን እኔ ልመልሰው አሰብኩ። አባቴ በዚያ ሳምንት አቡጀዲ ይሰፋ ነበር። ከመኪናው ሥር ነጭ ነጩን ክር፣ ነጭ ነጩን ጉድፍ ለቅሜ በባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ አጠራቀምኩ። ፒያሳ ላይ እናቴ ጎንበስ ስትልልኝ፣ እየሳምኳት በጣቶቼ ሻሿ ላይ ነሰነስኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤት ስንደርስ ለአባቴ በዓይኔ «አለ» አልኩት። ሰመረ! በማግስቱም ሰመረ። ሬዲዮኑ ዝም አለ። አንድን ሰው ሳድን ያ የመጀመሪያዬ ነበርና፣ ማታ በደስታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። ለካ የእኔንም «አለ» አላመነውም። እናቴን አስቁሞ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታው፣ ወደ መኪናው ወስዶ ጥቁር ኮት ጨርቅ ላይ አራገፈው፣ መነጽሩን አስተካክሎ ጎንበስ አለበት። አንዷን ክር በመርፌ ጫፍ አነሳት።

«ይኸ መቀስ የነካው ክር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጫፉ ድፍን ነው። የፋብሪካ ብናኝ እንዲህ አይደለም፤ ጫፉ ፀጉር ነው። ይኸ የኔ አቡጀዲ ነው። ይቺ ደግሞ የሊቀመንበሯ ካኪ ናት።» አንዲት የካኪ ክር ሳላያት አብራ ገብታ ነበር። ወደ እናቴ ዞረ። «ኸመኪናዬ ሥር ወስደሽ በራስሽ ላይ ትነሰንሻለሽ? ንጹሕ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

እናቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ እኔ አየች። «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም።

«አዎ» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ ያደረግሁት።»

ክር እንድገዛ ላከኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ቀኝ እጇን ማንሳት አቅቷት ከሥራ ቀረች። አባቴ አጋጣሚውን አገኘ። ሥራውን ትታ ቤት ትዋል ብሎ ሽማግሌ አስጠራ። የመጡት በሰፈሩ የተጣላ ሁሉ የሚያስታርቁ አበጋር ነበሩ፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ጫታቸውን ይዘው፣ ዱዓ አድርገው ተቀመጡ። አባቴ የክር ቁርጥራጩን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦት ኖሮ ፈትቶ አሳያቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ነበር።

«ሐጂ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። ሥራዋን ትተው። ሌላ አልጠይቅም።»

«ሥራዬን ከተውኩ ይችን ልጅ በምን አስተምራታለሁ?» አለች እናቴ። «በአላህ ይሁንብኝ ሐጂ፣ ኸፋብሪካው በቀር የትም አልዋልኩም።»

ሐጂ የክር ቁርጥራጩን በጣታቸው እያገላበጡ አዩት። እኔ በልቤ ለራሴ «ውጪና ክሩን የነሰነስኩት እኔ ነኝ በይ» እላለሁ፤ መጋረጃውን ግን አልነካሁትም። በመጨረሻ ተናገሩ።

«አንተ ልጄ፣ እጅህን ሰብስብ። በሴት ላይ እጅ ማንሳት አላህ አይወደውም። አንቺም ልጄ፣ ባልሽን አታስጠርጥሪው። ሥራሽን አትተዪ፤ ግና ወደ ቀድሞው ክፍልሽ ተመለሺ። ጥጡ እሻሽሽ ላይ ሲታይ እሱም ልቡ ያርፋል፤ አንቺም ታርፊያለሽ።»

«እርስዎ ያሉት ይሁን» አለ አባቴ።

ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ፍርዱን ሰፈሩ ሁሉ አመሰገነው። ከሁለቱም ወገን የተጎዳ የለም ተባለ። እናቴም አሚን ብላለች፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ወደ ሥራዋ ስትመለስ አለቃዋን ለምና ከማሸጊያ ክፍል ወጣች። አለቃው አብደሻል ወይ ሳይላት አልቀረም። አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ቢሰጥም በዚያ ሙቀት ማንም አያደርገውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጭ ሆና ትወርዳለች፤ አባቴም በረንዳው ላይ ሆኖ ያያትና ልቡ ያርፋል። ከዚያ በኋላ እጁን አላነሳባትም። ሐጂን ባየ ቁጥር እጃቸውን ይስማል።

እኔ ፒያሳ መሄዴን ተውኩ። እናቴ ለምን እንደተውኩ አልጠየቀችኝም።

ዓመታት አለፉ። ደርግም ወደቀ፤ አባቴም ሞተ፤ እናቴ ጡረታ ወጣች። ሳሉ ግን ጡረታ አልወጣም። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ «ምን ነበር የሚሠሩት?» ሲላት «ጥጥ» አለችው፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ጥንት የአባቴ መኪና ይቆምበት በነበረው በረንዳ ላይ ፀሐይ አስቀምጣታለሁ። አንድ ቀን ሳሉ ፋታ ሲሰጣት፣ እኔም አብሬያት እያለሁ፣ በልቤ ያኖርኩትን ነገር ነገርኳት።

«እማ፣ ያኔ ሻሽሽ ላይ ያን ክር የነሰነስኩት እኔ ነኝ።»

አልደነገጠችም። «አውቃለሁ» አለች። «እጅሽ አንገቴ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«እጁ ወዳንቺ ይዞር የለ?» አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል ወይ እንደማለት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ፈገግ አለች። «ኸዚያስ በፊት ለምን እንደምትጠብቂኝ የማላውቅ መሰለሽ? በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅሁት። ስትስሚኝ ዓይንሽ ሻሼ ላይ ነበር። ያን ያህል ጎንበስ እልልሽ የነበረው እኮ በደንብ እንድታዪ ብዬ ነው።»

አጠገቧ ተንበረከክሁ። እሷም እንደ ልማዷ ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳምኳት።