አማቼን የወሰደብኝ ባቡር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ አማቼን ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ሳመጣ ነው። እስከ ዛሬ የባቡር በር ሊዘጋ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ጆሮዬ ከገባ ዞሬ አማቼን እፈልጋለሁ።

የአማቼ የእማማ ዘነበች የግሪን ካርድ ጉዳይ ሲያልቅ ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ አጣች። ስለዚህ እኔ ሹፌሩ ሄድኩላት። "እናቴን አደራ" ብላ ነው የሸኘችኝ። ስንመለስ ጃፓን፣ ኦሳካ ከተማ አረፍን። ወንድ ልጃቸው እዚያ ነው የሚሠራው፤ ካዩት ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቱ ምሳ ጋብዞን ከሆቴል ወጣን።

አማቼ ስኳር አለባቸው። ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ተወግተው፣ "ልጄ ቤት እበላለሁ" ብለው በቅጡ ሳይቀምሱ ነው የተነሡት። ብስኩታቸው፣ ስልካቸው፣ ፓስፖርታቸው፣ ሁሉም እኔ ጀርባ ላይ ያለው ቦርሳ ውስጥ ነው።

የኦሳካው ባቡር ጣቢያ ጣቢያ አትበሉት፣ አገር ነው! ከላይ ባቡር፣ ከሥር የምድር ውስጥ ባቡር፣ መሐሉ ሱቅ በሱቅ። የሰዉ ብዛት ለጉድ ነው። ልጃቸው በስልክ "ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ታጠፉ" አለኝ፣ እንደ አዲስ አበባ። የቱ ዳቦ ቤት? በየማዕዘኑ ዳቦ ቤት አለ። ስንዞር ስንዞር በመከራ መስመራችንን አገኘን።

አማቼ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ "አንተ" ብለውኝ አያውቁም። ባቡሩ መጥቶ በሩ ሲከፈት፣ "እርስዎ ይቅደሙ" አሉኝ።

"ኧረ በሞቴ! እርስዎ ይቅደሙ እንጂ እማማ።"

"እንዴት ተደርጎ! ይግቡ።"

"ይሄማ በጭራሽ አይሆንም!"

ሰዉ በጎናችን እየሾለከ ገብቶ አለቀ። በመጨረሻ ክንዳቸውን ይዤ በግድ አስገባኋቸው። እሳቸው እንደገቡ በሩ ተዘጋ። እኔ ውጭ ቀረሁ።

መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩ። ከውስጥ እጃቸውን ዘርግተውልኛል። ባቡሩ ከነነጭ ነጠላቸው ይዟቸው ሄደ። ጮህኩ፤ በምን ቋንቋ እንደጮህኩ እንኳ አላውቅም።

ልብ ያለው ሰው እዚያው ይቆም ነበር። እኔ የሚቀጥለው ባቡር ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ቀጣዩ ጣቢያ ወረድኩ፣ የሉም። የመጨረሻውን መቀመጫ ሳይቀር አየሁ፣ የሉም። ተመልሼ መጣሁ። ደረጃ ወጣሁ፣ ደረጃ ወረድኩ። ነጭ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር "እማማ!" እያልኩ እሮጣለሁ፤ ሰዉ እየሸሸ መንገድ ይለቅልኛል።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት።

"ደረሳችሁ? ፌስታይም አድርግልኝና እማዬን አሳየኝ።"

"ሽንት ቤት ገብተዋል፤ መልሼ ኮል አደርግልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁባት።

ምን ልበላት? አክብሬ ባቡር ላይ ብቻቸውን ጫንኳቸው ልበላት? ስኳራቸው በዚህ ሰዓት እየወረደ ነው። ቋንቋ የላቸው፣ ስልክ የላቸው፣ የሚቀምሱት የላቸው። ብስኩቱን እኔ ተሸክሜዋለሁ!

አንድ የጣቢያው ሠራተኛ አገኘሁና በስልኬ እያስተረጎምኩ ነገርኩት። ወዲያው ስልክ መምታት ጀመረ። እኔ ግድግዳ ሥር ቁጭ አልኩ። አንዱ ደረጃ ላይ ወድቀው፣ ሰው ከቧቸው ታየኝ። "አምላኬ፣ እኔን ውሰድና እሳቸውን መልስልኝ" አልኩ። የምሬን ነው።

ሠራተኛው ስልኩን ዘግቶ ተከተለኝ አለኝ በእጁ። ሁለታችንም ሮጥን።

ማዶ ያለው መስመር ጋ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት የቢሮ ልብስ የለበሰች ወጣት ፊታቸው ተንበርክካ የጭማቂ ጠርሙስ ይዛላቸዋለች። ሠራተኛው ጠይቆ አስረዳኝ፤ ለካ መስታወቱን ስደበድብ ከውስጥ አይታኛለች። እጃቸውን ይዛ ቀጣዩ ጣቢያ አውርዳ መልሳ አምጥታቸዋለች። እኔ ወደዚያ ስበር ተላልፈናል። እዚህ እንደደረሱ ላብ አጥምቋቸው ሲንቀጠቀጡ ብታይ ጭማቂውን ገዝታ አጠጣቻቸው።

"የት ጠፍተው ነው እርስዎ?" አሉኝ አማቼ በቁጣ።

እኔ ጠፋሁ! ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቀና ስል ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታን፣ ሰዓቷን እያየች ወደ ባቡሯ ሮጣለች።

ብስኩቱን እያበላኋቸው፣ "ስሟን ማን አለችዎ?" አሉኝ።

"አልጠየቅኳትም እማማ።"

"ታዲያ ማን ብዬ ልጸልይላት?"

ሌላ ብስኩት አውጥቼ አቀበልኳቸው።

ለባለቤቴ ሁሉንም የነገሯት እሳቸው ናቸው። እሷም አኩርፋኝ ሰነበተች፤ አልፈርድባትም። አሁን አማቼ ከእኛ ጋር ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሳሎን ቆመው የዘመድ አዝማዱን ስም በተራ እየጠሩ ይጸልያሉ። ሁሉንም ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ "ያቺንም ልጅ ጌታዬ፤ ስሟን አንተ ታውቀዋለህ" ይላሉ።

እኔ የጸሎት ሰው አይደለሁም። ግን ሥራ ቢረፍድብኝም፣ የመኪና ቁልፌን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ለሷ "አሜን" ሳልል አልወጣም።