ዓሣ የተለጠፈበት ግድግዳ

ቡራዩ በተከራየነው ቤት ለልጄ ሁለተኛ ዓመት ልደት ፊኛ ስነፋ፣ የላስቲኩ ሽታ ፉሪ ወደነበረው ቤታችን መለሰኝ።

እህቴ ሁለት ዓመት ልትሞላ ነበር። እናቴ የልደቱ ማስጌጫ ሁሉ ዓሣ ይሁን ብላ ከሰማያዊ ወረቀት ትቆርጣለች፤ እኔ የዱቄት ሙጫ እየቀባሁ አቀብላታለሁ። የምትለጥፈው ግን ከውጭ፣ በሩ አጠገብ፣ ቤቱ ይፈርሳል ተብሎ በቀይ ቀለም የተሰመረው ኤክስ ላይ ነበር።

«ሳምንት ለቀረው ቤት ዓሣ?» አለ አባቴ።

«ዝም ብለህ ፊኛውን ንፋ።»

ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ካሜራ ይዘው መጡ። እህቴን ግቢው ውስጥ ኬኩ ፊት አቆምናት።

«ኦቦ፣ ወደ ኋላ ይበሉልኝ» አለች እናቴ።

«ልጅቷ እኮ ጠፋች!»

«ትጥፋ። ጣሪያው ይግባልኝ።»

በገዛ ልደቷ ለምን ትጥፋ እንዳለች አልገባኝም፤ ለእህቴ ተናደድኩላት። ፎቶው ላይ እህቴ አውራ ጣት ብታክል ነው። ቤቱ ከነቆርቆሮው ሙሉ ነው።

አሁን በልጄ ልደት ከሰዓት፣ ቡራዩ ፎቶ ሊያነሳልን የመጣው ጓደኛዬ «ግድግዳው ይግባ?» አለኝ።

«ፊቷን ብቻ አንሳት፤ ግድግዳው የሰው ነው» አልኩት።

ለልጅ ልጇ ልደት የመጣችው እናቴ ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች።