የኋላ ወንበር ተሳፋሪ

በየማለዳው ጫማውን አውልቆ፣ እናቱን ታቅፎ በረንዳው ላይ ካለችው የሰው ሚዛን ላይ ይወጣል። ቁጥሩን ያይና እሳቸውን ዱካ ላይ አስቀምጦ ብቻውን ተመልሶ ይወጣል። ልዩነቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

ደብረ ታቦር በተከራየሁበት ግቢ ከፊት ለፊቴ ይኖራል። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የሄሊኮፕተር አብራሪዎችን የጽሑፍ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። የጣለው የጭነት ስሌት ነው፤ ማን የት ቢቀመጥ፣ ነዳጁ ስንት ቢሆን ሳታጋድል ትነሣለች የሚለው። የመጽሐፉ ተሳፋሪዎች አልገባ ስላሉት በቤቱ ሰዎች ይለማመዳል። የመጨረሻ ዕድሉ የፊታችን ማክሰኞ ነው።

በስሌቱ እናቱን ከኋላ ወንበር ያስቀምጣቸዋል። ጥር ላይ ሃምሳ አንድ ኪሎ ነበሩ። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት መልሰዋቸዋል።

«ካፒቴን፣ እኔንም ጫነኝ እንጂ» ይሉታል አከራያችን እትዬ ፈንታነሽ።

«እርስዎን ከጫንኩማ ጅራቷ መሬት ይነካል» ይላል ቀና ሳይል።

ትናንት እናቱ ከዱካው ላይ ሆነው «ስንት ሆንኩ?» አሉት።

«ሠላሳ ስድስት።»

አባዛ፣ ደመረ፣ አካፈለ። ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ጭነት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስተካከለለት።

«እንኳን ቀለልኩልህ» አሉ እናቱ።

ስለ እሱ እንደምጽፍ ነግሬው ስለነበር፣ ዛሬ ሥራ ከመሄዱ በፊት ደጃፌ ላይ ቆመ።

«መውደቄንም ጻፊው፣ ግድ የለኝም» አለ። «ስሌቱ ሲስተካከልልኝ ‹ተመስገን› ማለቴን ግን ተይው።»